ጠባብ መንገድ ላይ ዛፍ፦ ጭስ ይቀንሳል ወይስ ያፍናል?

ጥያቄው፦ አዲስ አበባ ውስጥ ግራና ቀኝ ፎቅ በቆመባቸው መንገዶች ዳር ረጃጅም ዛፍ ይተከል ወይስ አይተከል? (ተከራካሪዎቹ የተጠሩት በቅጽል ስማቸው ነው።)

ባህር ዛፍ፦ ይተከል እንጂ! ቅጠሉ ብናኝ ይይዛል፣ ጥላው ለእግረኛ ነው። የሚያጨሰው ናፍጣው፣ ዛፉ ምን በደለ?

ነፋስ ስልክ፦ አያጨስም፤ መውጫ ግን ይዘጋል። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ፣ 20 ሜትር ስፋት ያለው፣ ግራ ቀኙ 25 ሜትር ፎቅ የሆነ መንገድ አስቡ። በበጋ የሚበዛው የምሥራቅ ነፋስ ሲነፍስ ጭሱ ወደ ምዕራብ የሚገፋ ይመስላል። ተቃራኒው ነው። ነፋሱ በጣሪያ ላይ አልፎ የምዕራቡን ፎቅ ይመታል፣ ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል፣ አስፋልቱን እየጠረገ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። በምሥራቁ ጠርዝ የሚሄድ እግረኛ ከማዶው እጥፍ ጭስ ሊተነፍስ ይችላል። ይህ እሽክርክሪት ነው ጭሱን ወደ ላይ የሚያወጣው፤ ጥቅጥቅ ያለ ቅርንጫፍ ሲገጥመው ይደክማል።

ሸገር፦ ሁሉም መንገድ እንዲህ በፎቅ የታጠረ ጠባብ ሸለቆ አይደለም። የፎቁን ከፍታ ለመንገዱ ስፋት አካፍሉ። ከ0.7 ገደማ ሲያልፍ ነፋሱ ከላይ ተንሸራቶ ያልፋል። ያንተ 1.25 ነው። 40 ሜትር መንገድ ላይ 12 ሜትር ህንፃ ግን 0.3፤ እዚያ ዛፍ ማንን ይጎዳል?

ባህር ዛፍ፦ ጠባቡስ ራቁቱን ይቅር?

ነፋስ ስልክ፦ የቁጥቋጦ አጥር ተክልበት። ከ1.5 እስከ 2 ሜትር፣ በአስፋልቱና በእግረኛው መካከል። ሥሩ ክፍት ከሆነ ግን ከንቱ ነው፤ የመኪና ጭስ የሚወጣው ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ታክሲ ማቆሚያው ጋ ሲቋረጥ ደግሞ ጭሱ በዚያች ክፍተት ይገባል፤ ሰው ተሰልፎ የሚቆመውም እዚያው!

ቁጥር ወዳድ፦ ይህ ሁሉ ነፋስ ሲኖር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ቀዝቃዛ አየር መሬት ላይ ይተኛል። ነፋሱ በሰከንድ ከ1.5 ሜትር ሲያንስ እሽክርክሪቱ በቅጡ አይፈጠርም፤ ጭሱን የሚያምሰው የመኪናው ሩጫ ብቻ ነው። ቅጥቅጡ ቆሞ ሞተሩ ሲሠራማ እሱም የለም። «ተለክቷል» ስትባሉም መለኪያው በየትኛው ጠርዝ እንደቆመ ጠይቁ። የአውሮፓ ኅብረት የ2008 (እ.ኤ.አ.) ደንብ መለኪያው ከ1.5 እስከ 4 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከትልቅ መጋጠሚያ ቢያንስ 25 ሜትር ርቆ ይቁም ብሎ ነበር። ርካሹ መለኪያ ጭጋግንም ብናኝ ብሎ ይቆጥራል።

ባህር ዛፍ፦ እሺ፣ በጠባቡ አጥር ይሁን። ከጥቅምት እስከ የካቲት ማን ያጠጣዋል? ቅጠሉ የረገፈ አጥር ከላይ እስከ ታች ክፍተት ነው።