ሳን ፍራንሲስኮ የድሮ የጀልባ ክለብ ልሄድ ነው፤ እንጨቱን መንካት ይቻላል?

የሂርማታው አናጢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐምሌ ላይ ልጄን ለማየት ከጅማ ኦክላንድ እመጣለሁ። ቪዛው ተመታልኝ፣ ተመስገን። የልጄ የሥራ ባልደረባ ዶልፊን የሚባል የጀልባና የዋና ክለብ አባል ነው። ልጄ ስለ እኔ ሲያወራለት «ይምጣና ጀልባዎቹን ይይ» አለው።

እኔ ጅማ ሂርማታ ገበያ ሠላሳ ዓመት በርጩማ ጠርቤያለሁ። ባሕር በዓይኔ አላየሁም። ዋናም አልችልም። ልጅ ሆነን አባቴ አዌቱ ወንዝ ስንንቦጫረቅ ካገኘን ልብሳችንን ሰብስቦ ይሄድ ነበር። በጅማ መርካቶ በኩል ራቁቴን ቤት የገባሁ ቀን ከውኃ ጋር ተለያየን።

የእኛ በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው። መቀመጫውም ሦስቱ እግሮቹም አንድ ዋንዛ ናቸው። ምስማር የለው፣ ኮላ የለው። ልጄ በላከልኝ ፎቶ ላይ ያለው ጀልባ ግን ሌላ ጉድ ነው። ጣውላው ስስ ነው፤ አንዱ ባንዱ ላይ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደርቧል፤ ሆዱ እንደ እንስራ ነፋ ብሏል። እንዴት አጎበጡት? ሁለት ሌሊት አሰብኩበት።

የግል ክለብ ስለሆነ በር ላይ ያስቸግራሉ? ክራቫት ያስፈልጋል? ባዶ እጄን መሄድም አይሆንልኝም፤ በርጩማ ይዤ ብመጣ ኤርፖርት ይቀሙኛል? ከሁሉ በላይ ግን፣ እንጨቱን በእጅ መዳሰስ ነውር ነው?

ሻይ በኦክላንድ፦
ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ክራቫቱን ጅማ ይተዉት። እኔ መጀመሪያ ስሄድ የሀብታም ቤት መስሎኝ ታኮ ጫማ አድርጌ ነበር። በሩን የከፈተልኝ ሽማግሌ ባዶ እግሩን፣ እርጥብ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ።

ዶልፊን የተመሠረተው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1877 ነው። ግድግዳ የሚጋራው ሳውዝ ኤንድ የሚባል ክለብ ደግሞ በ1873። ጎረቤትም ተፎካካሪም ናቸው። አባል ያልሆነ ሰውም በተመደበለት ቀን ትንሽ ከፍሎ ገብቶ ይዋኛል፣ ሳውና የሚሉት ሙቅ ክፍል ውስጥ ይሞቃል። ጀልባ ግን ሥልጠና ለወሰደ አባል ብቻ ነው። እርስዎን ጋባዥዎ በር ላይ ከጠበቀዎት አለቀ።

ሐምሌ ነው ብለው እንዳይሸወዱ። ጉሙና ነፋሱ የጅማን ክረምት ያስንቃል፤ ጃኬት ይያዙ። ውኃው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ነው፤ እነሱ በዋና ልብስ ብቻ ዘለው ይገባሉ። ከኦክላንድ በባቡር ፓወል ይውረዱ፣ ከዚያ ፓወል ሃይድ የሚባለው ኬብል ካር (በገመድ የሚጎተት የከተማ ባቡር) መጨረሻው እዚያው ነው። ውስጥ ሲገቡ «ጆን ዊላንድ» የቱ ነው ብለው ይጠይቁ። በ1887 የተሠራ ባለ ስድስት ቀዛፊ ጀልባ ነው።

የቦዬ ጉማሬ፦
አባባ፣ እዚያ ጉማሬ የለም፣ አይስጉ። ጉማሬ ባለበት በጅማው ቦዬ ዳር ያደገ ሰው የሚፈራው ጀልባ አይኖርም 😄

መሮና መላጊያ፦
ሲያትል ጀልባ ጥገና ቤት ሠርቻለሁ፤ ስለ ማጉበጡ እኔ ልመልስ። እንደ ጎድን አጥንት የሚያያዘው ኦክ የሚባል ጠንካራ እንጨት ነው፣ እርጥብነቱ ሳያልቅ የተሰነጠቀ። ረጅም ሣጥን ውስጥ በእንፋሎት ይቀቀላል። ልማዱ ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ሰዓት ነው። ሲወጣ እንደ ላስቲክ ይታዘዛል፤ ግን ከቀዘቀዘ አበቃ፣ በደቂቃ ውስጥ ቦታው ማስያዝ አለብህ። ሁለት ሰው በጓንት እየተሯሯጠ ነው የሚሠራው። የሚደረበው ጣውላ ሴዳር የሚባል እንጨት ነው፣ ቀላል፣ ቶሎ የማይበሰብስ። የሚያያዘው በመዳብ ነው፤ ብረት በጨው ውኃ ዝጎ እንጨቱን ይበላዋል።

ደርቆ የከረመ ጀልባ ውኃ ሲገባ መጀመሪያ ያፈሳል። ተበላሸ እንዳይሉ። ጣውላው ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ስንጥቁን ራሱ ይደፍነዋል።

መንካት ነውር አይደለም፣ አስፈቅደው። ግን ቀለበትዎን ያውልቁ፤ ቫርኒሹን ከጫረ ሰውየው ምንም ባይልዎትም ሌሊቱን አይተኛም። በርጩማውን ለጉምሩክ «የእንጨት ዕቃ አለኝ» ብለው ያሳዩ። ቅርፊት ወይም የነቀዝ ቀዳዳ ካለው ይወስዱታል፤ ንጹሕና ደረቅ ከሆነ ችግር የለውም።

ጊዜ ካለዎት ከክለቡ አጠገብ ያለውን ሙዚየምም ይጠይቁ። በ1895 የተሠራ ሲ ኤ ታየር የሚባል መርከብ አላቸው። ራሱ ከእንጨት ተሠርቶ እንጨት ሲያመላልስ የኖረ ነው።

የሂርማታው አናጢ፦
ልጆቼ፣ ተባረኩ። መዳቡ ገባኝ። እንጨት መቀቀሉን ለሠራተኛዬ ነገርኩት፤ «ጋሼ፣ ጨው ይጨምሩበታል?» አለኝ።

በርጩማውን ጀምሬያለሁ። ዋንዛው ካምና ጀምሮ ጥላ ሥር ሲደርቅ የከረመ ነው፣ ነቀዝ አልነካውም። ሦስት እግር ስለሆነ ወለሉ ቢጎረብጥም አይንገዳገድም። የጋብቻ ቀለበቴ ግን ከጣቴ አልወጣ ካለ ሃያ ዓመቱ ነው፤ በሳሙና እሞክራለሁ። ካልሆነ ቀለበት በሌለበት እጄ እዳስሳለሁ።

አንድ የረሳሁት፦ ሳውናው ውስጥ ወንድና ሴት አንድ ላይ ነው?