ሬቲና ቀዶ ሕክምና፦ ጋዝ ወይስ ዘይት? ማረፊያውስ ሱሉልታ ወይስ ቃሊቲ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጎረቤቶች፣ ሱሉልታ ነው የምንኖረው። እናቴ የግራ ዓይኗ ሬቲና (ከዓይን ኋላ ያለው ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን) ተላቅቋል ተብላ ቀዶ ሕክምና ታዘዘላት። የመንግሥት ይሻላል የግል? ከዚያ በኋላስ የት ትረፍ? ያያችሁ ጠቁሙኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ አባቴ በዚሁ አልፈዋል፤ እኛም ሱሉልታ ነን። መጀመሪያ ያየናቸው ክሊኒክ (ስሙ ይቅር) «ሞራ ነው፣ ከወር በኋላ ተመለሱ» ብለው ሸኙን። አባቴ ግን «ከጥግ ጥቁር መጋረጃ እየወረደብኝ ነው» ይሉ ነበር። ሞራ እንደ ጉም ነው እንጂ እንደ መጋረጃ አይወርድም። እዚያ ላይ 10 ቀን አቃጠልን። የመሃሉ እይታ የሚገኝበት ማኩላ ሳይላቀቅ ከተደረሰለት ውጤቱ ሌላ ነው። ስለዚህ የመንግሥት፣ የግል እያልሽ ሳምንት አትፍጂ፤ ቶሎ የሚያስገባሽ ጋ ግቢ።

ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የሬቲና ሐኪሞች አሉ፤ ሪፈር አጽፈሽ በጠዋት ሂጂ። ወጪው ከግል በእጅጉ ይቀንሳል። ወደ ግል ከሄድሽ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂ፦ «ዘይቱን ማውጫው ዋጋው ውስጥ አለ?»

ይሄ የመጣው ሬቲናው ቦታው እንዲጣበቅ ዓይን ውስጥ ጋዝ ወይም ሲሊኮን ዘይት ስለሚሞላ ነው። ጋዙ እንደ ዓይነቱ ከ2 ሳምንት እስከ 2 ወር ገደማ ቆይቶ ራሱ ይጠፋል። ዘይቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከወራት በኋላ በሌላ ቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ሁለተኛ ወጪ ማለት ነው። ምርጫው የሐኪሙ ነው፤ አንቺ ግን መኖሪያችሁ ሱሉልታ መሆኑን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ንገሪያቸው። ጋዝ ከፍታ ላይ ይሰፋል፤ የዓይን ግፊት ይጨምራል። ለዚህ ነው አውሮፕላን የሚከለከለው። ወደኛ የሚመጣው መንገድ ደግሞ እንጦጦን ይሻገራል፤ የተራራው አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ይህን ማንም አልነገረንም፤ እኛው በጠየቅን «አትውጡ» ተባልን። አባቴ ጋዙ እስኪያልቅ ቃሊቲ አክስቴ ጋ ከረሙ። ቁልቁል ስለሆነ አያሰጋም።

እናትሽ በደረት ተኙ፣ አቀርቅሩ ከተባሉ አንገት ላይ የሚጠለቀውን የመንገደኛ ትራስ አልወደድነውም፤ ይንሸራተታል። ሶፋ ሠሪ ጋ ወፍራም ስፖንጅ ወስደን መሃሉን አስበሳነው፣ በነጠላ ጠቀለልነው፤ ፊታቸውን እዚያ ውስጥ አድርገው ተኙ። ቡናቸውን በስትሮ ጠጡ! እስከ ዛሬ ያነሱታል።

ሌላ አስተያየት፦ ለእኔ ዘይት ነበር የገባልኝ። እንጦጦን መሻገር ችግር አለው?

መልስ፦ ዘይት እንደ ጋዝ አይሰፋም፤ ከፍታው አያሰጋም። ጋዝ ያለበት ሰው ግን በዚያ ጊዜ ሌላ ቀዶ ሕክምና ቢያጋጥመው ለማደንዘዣ ባለሙያው ይንገር፤ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለው የማደንዘዣ ጋዝ አይሰጠውም። የዓይኑ ሕመም ከበረታ ወይም እይታ ድንገት ከወረደ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ነው መመለስ።

ጋዙ እያለቀ መሆኑ በምን ይታወቃል ካልሽ፦ አባቴ ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ሆነው የሚያዩ ይመስላቸው ነበር፤ መስመሩ በየቀኑ ዝቅ አለ፣ በመጨረሻ አንዲት ክብ አረፋ ሆነች። አንድ ጠዋት «ጠፋች» አሉ። ለሐኪሙ አሳይተን ፈቃድ አግኝተን፣ ከሰዓት ሱሉልታ ገባን።