የዕቅድ ውይይት፦ ኔጋን በቱሉ ዲምቱ ኮሚናል ይከሰስ?

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የነዋሪ ማኅበሩ ኮሚቴ ኮሚናሉን ለቅዳሜ ሊሰጠን ፈቃደኛ ነው፤ ግን «በወረቀት አምጡ» ብሏል። የሚፈልጉት አንድ ገጽ ነው። ምን እንደምንሠራ፣ ማን እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደምንበተን። ርዕሱ ባለፈው በድምፅ የተመረጠው ነው፦ «ዎኪንግ ዴድ» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ያለው ጨካኝ መሪ ኔጋንና የተመልካቹ ንዴት። ለመነሻ ይቺን ጽፌያለሁ፦

«የፊልም ወዳጆች ቡድን በሳይታችን ኮሚናል አንድ ተከታታይ ድራማ አሳይቶ ነዋሪውን ማወያየት ይፈልጋል። ድራማው ዓለም ከፈረሰች በኋላ ስለተረፉ ሰዎች ነው። ውይይቱ በመካከላቸው በተነሣው ጨካኝ መሪ ላይ ያተኩራል።»

ቀዩን እስክሪብቶ አንሡ።

ብሎክ 41፦
እኔ ከመጀመሪያው ሲዝን ጀምሬ የተከታተልኩ ሰው ነኝ፣ ዝም አልልም። «አሳይቶ» ስትዪ የቱን ክፍል ነው? የሰባተኛው ሲዝን መክፈቻ ከሆነ አለሁበት። ሙሉውን፣ ሳይቆረጥ።

ነርሷ (ብሎክ 19)፦
ወንድሜ፣ ኮሚናሉ እኮ መዝጊያ የለውም። የሳይቱ ልጆች በሙሉ እዚያ ነው የሚጫወቱት። የሰው ዓይን ከቦታው ወጥቶ ለልጅ ይታያል? እኔ በሥራዬ ደም ብርቄ አይደለም። ያቺን ደቂቃ ግን ፊቴን አዙሬ ነው ያሳለፍኳት። ሙሉው ከታየ ስሜን ከወረቀቱ አውጡልኝ።

መምህር (ብሎክ 7)፦
ልጆች፣ እኔ ይህን ድራማ አላየሁትም። ቃል ሰጥቼ ፊርማዬን ከማኖሬ በፊት ሰውየው ምን እንዳደረገ አንዳችሁ ንገሩኝ። ዞምቢውን፣ ያንን ተነሥቶ የሚሄድ ሙት ዝለሉት፣ እሱን የልጅ ልጄ አስረድታኛለች።

ብሎክ 41፦
እሺ ጋሼ። ሪክ የሚባል የቀድሞ ፖሊስ አለ። ሰው ሰብስቦ፣ ቀብሮ፣ ተሰዶ እዚህ ደርሷል። በስድስተኛው ሲዝን መጨረሻ የኔጋን ሰዎች ያዟቸው። ሌሊት ነው፣ ጫካ ውስጥ፣ የመኪና መብራት ፊታቸው ላይ በርቷል። አሥራ አንድ ሰው በግማሽ ክብ ተንበርክኳል። ኔጋን ይወርዳል። ጥቁር ቆዳ ጃኬት ለብሷል፣ ትከሻው ላይ እሾሃማ ሽቦ የተጠመጠመበት የቤዝቦል ዱላ ይዟል። ዱላው ስም አለው፣ ሉሲል ይባላል። በካንሰር ታማ የነበረችው የሟች ሚስቱ ስም ነው። ሰውየው አይቆጣም ጋሼ! ይስቃል፣ ይቀልዳል፣ እየተንጎራደደ ያወጋል። ከዚያ ልጆች ለጨዋታ ሰው ሲመርጡ እንደሚሉት እየቆጠረ አንዱ ላይ ደረሰ፣ መታው። ማንን? አላሳዩንም። ካሜራው የተመቺው ዓይን ሆነ፣ ደም ወረደበት፣ ጨለመ፣ አለቀ።

ይህ መጋቢት 25 ቀን 2008 ነው። መልሱ የመጣው ጥቅምት 13 ቀን 2009። ስድስት ወር ከምናምን አንጠልጥለውን ሄዱ ማለት ነው።

መምህር (ብሎክ 7)፦
ዓለም ሳትፈርስ በፊት ሥራው ምን ነበር?

ብሎክ 41፦
እንዳይስቁብኝ ጋሼ። የስፖርት አስተማሪ።

መምህር (ብሎክ 7)፦
ገብቶኛል። ፊሽካ የለመደ ሰው ነው። ቀጥል።

ብሎክ 41፦
ጥቅምት ላይ መጀመሪያ የሞተው አብርሃም ነው፣ ወታደሩ። ድራማው የተወሰደበትን ኮሚክ፣ የሥዕል መጽሐፉን ያነበበ ሰው፣ ከተንበረከኩት አንዱ የሆነው ግሌን እንደሚሞት ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያውቃል፤ መቶኛው ቅጽ ላይ ነው የሞተው። ስለዚህ አብርሃም ሲመታ ያ ሁሉ አንባቢ «ኡፍ፣ ግሌን ተረፈ» አለ። ያን ጊዜ ከሪክ ሰዎች አንዱ፣ ዳሪል፣ ተነሥቶ ኔጋንን በቡጢ መታው። ኔጋን «ይህ አይደገምም» ብሎ ዞረና ግሌንን መታው። እርጉዝ ሚስቱ እያየች። ከመጀመሪያው ሲዝን ጀምሮ አብሮን የነበረ ልጅ። ኔጋንን ትቶ ዳሪልን የሰደበው ተመልካች ብዛቱ!

ጸሐፊ፦
እዚህ ላይ የራሳችንን ነገር ላስገባ። በዚያ ጥቅምት እኛ አገር የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ነበር። የውጭው ተመልካች በማግስቱ ሲጮህ፣ እኛ ፊልም ቤት ተሰልፈን ፍላሽ እናስጭን ነበር። እኔ ማንም ሳይነግረኝ ነው ያየሁት። ኢንተርኔት መዘጋቱ የጠቀመኝ ያኔ ብቻ ነው። ይቺ ለመግቢያ ንግግር ትሁን፣ ማመልከቻው ላይ አትገባም።

ሒሳብ ያዥ፦
ዘግይቼ ነው፣ ቃሊቲ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ 410/1996 የሚባል አለ። ፊልም ሰው ጠርተህ አደባባይ ስታሳይ የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። በፍላሽ ያስጫንነውን ፕሮጀክተር ላይ ሰክተን፣ ከሥሩ ደግሞ በማኅበር ማኅተም «አሳይተናል» ብለን ልንፈርም ነው? ቤትህ ብታየው ሌላ ነገር። ሁለተኛ፣ የፕሮጀክተር ኪራዩን የሚሸፍን ገንዘብ ካዝናው ውስጥ የለም።

ብሎክ 41፦
ጋሽ ሒሳብ፣ ምሽቱን ገደልከው እኮ። በዱላ ነው የመታኸኝ።

ሒሳብ ያዥ፦
አልገደልኩትም፣ ርካሽ አደረግኩት። አትዩት፣ ተከራከሩበት። መብራት ቢሄድም ክርክር አይቋረጥም።

መምህር (ብሎክ 7)፦
እኔ የምለው ነገር አለ። ድሮ ሰው ሲካሰስ ዳኛ ፊት ቆሞ «በላ ልበልሃ» እየተባባለ ነበር። ከሳሽ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ዘንጉን ጨብጦ፣ በግጥም ጠይቆ ያስጨንቃል። ተከሳሽ ይመልሳል። ተመልካቹ ቆሞ ይፈርዳል። ይህንን ኔጋንን ኮሚናሉ ውስጥ በላ ልበልሃ እናቁመው። አንድ ሰው ከሳሽ፣ አንድ ሰው ስለ ኔጋን ይመልስ። ድራማውን ያላየም ከክርክሩ ታሪኩን ይሰማል። ደም አይታይም፣ አዋጅም አይጣስም።

ነርሷ (ብሎክ 19)፦
ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። አሁን ስሜን መልሱት።

ብሎክ 41፦
እንዲህ ከሆነ ስለ ኔጋን የምመልሰው እኔ ነኝ! መጀመሪያ የገደለው ማን ሆነና? የሪክ ሰዎች የኔጋንን ጣቢያ ሌሊት ሰብረው ገብተው የተኙ ሰዎችን በቢላ ወግተዋል። በእንቅልፋቸው። አይተዋቸው እንኳ የማያውቋቸውን ሰዎች። ያንን ክፍል ስናይ ማናችንም አልጮህንም፣ «ጎበዝ ሪክ» ብለን ቡናችንን ጠጣን። ኔጋን ቢያንስ ፊት ለፊት ነው የመጣው።

ነርሷ (ብሎክ 19)፦
የሪክን ሰዎች የላካቸው ረሃብ ነው። ለምግብ ብለው ነው ሥራውን የተቀበሉት። ትክክል ነው አላልኩም። ግን ሪክ እየገደለ አልሳቀም። እኔን ያንገሸገሸኝ ሳቁ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሰውየው ሲቀልድ እኔም ፈገግ ማለቴ። ጄፍሪ ዲን ሞርጋን የተባለው ተዋናይ አፉ ጣፋጭ ነው፣ ምን ላድርግ? የሚጠላ ሰው አድርገው ቢያመጡት ቀላል ነበር። ከሳሽ እኔ ነኝ፣ በቃ፣ ጻፉኝ።

ጸሐፊ፦
ጻፍኩ። ክሶቹ የትኞቹ ይሁኑ? ሁለቱን መግደሉ አንድ። ከየመንደሩ ያፈሩትን እኩሌታ መውሰዱ ሁለት።

መምህር (ብሎክ 7)፦
እኩሌታ ይወስዳል? ይህንን ለምን እስካሁን አልነገራችሁኝም!

ብሎክ 41፦
አዎ ጋሼ። «የናንተ የሆነው የኔ ነው» ብሎ፣ እህሉን፣ መድኃኒቱን፣ ጠመንጃውን። ፍራሽ ሳይቀር አስጭኖ መንገድ ላይ ያቃጥለዋል። ይህንን ሁሉ «ከሙታን እጠብቃችኋለሁ» በሚል።

መምህር (ብሎክ 7)፦
እንግዲህ ይህን ሰው አውቀዋለሁ። አባቴ ጭሰኛ ነበር። እኩል ያርስ ነበር፤ ከአውድማው ላይ ግማሹ ለባለመሬቱ ይጫናል። ጌትዬው ሲመጣ ዶሮ ይታረዳል፣ በቅሎው ገብስ ይበላል። የቆምነው እጅ ነሥተን ነው። እሱም እንደናንተ ሰው ይስቅ ነበር፤ አባቴንም በቁልምጫ ነበር የሚጠራው። የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ አባቴ ሬድዮኑን ሰምቶ ጨርሶ አላመነም፤ አውድማው ላይ ጫኚ እስኪቀር ድረስ። ድራማውን የጻፉት አሜሪካኖች ይህንን ከየት እንዳመጡት አላውቅም፣ እኔ ግን ለሁለተኛው ክስ ምስክር ሆኜ መቆም እችላለሁ። ዳኝነቱን ለሌላ ሰው ስጡ።

ሒሳብ ያዥ፦
ጋሼ በጣም ደስ ይላል። ግን ኮሚቴው ውስጥ ፈሪ ሰው አለ። «መሪ»፣ «ጨካኝ»፣ «ይከሰስ» የሚሉ ቃላት በአንድ ገጽ ላይ ሲያይ ላብ ላብ ይለዋል። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ በተባለበት አገር ነው ያለነው። «ክርክሩ በድራማው ታሪክ ላይ ብቻ ይሆናል» የምትል መስመር ትግባ።

ብሎክ 41፦
ትግባ። ግን ሦስተኛ ክስ አለኝ፣ እሱን ካላስገባችሁ ለኔጋን አልቆምም። ክሱ በድራማው ሠሪዎች ላይ ነው። ሰው እኮ የተናደደው በኔጋን ብቻ አይደለም። ስድስት ወር ሙሉ «ማን ሞተ» እያሰኙ ተጫወቱብን። በዚያው ዓመት ግሌንን በቆሻሻ ገንዳ ሥር ቀብረው፣ ሞተ አስብለው አስለቅሰውን፣ ከሳምንታት በኋላ ከሥሩ ጎትተው አወጡት። ከዚያ በእውነት ሲገድሉት እንባችን አለቀ። ኔጋን ሪክን ተንበርክከህ ጠብቅ አለው፤ እኛንም እነሱ።

ጸሐፊ፦
ይህኛው ክስ ቁጥርም አለው። ያን ጥቅምት ማታ አሜሪካ ውስጥ 17 ሚሊዮን ሰው አይቶታል። በሳምንቱ ወደ 12 ሚሊዮን ተኩል ወረደ። ከዚያ በኋላ ድራማው እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ድረስ ዘለቀ፣ ያንን ቁጥር ግን ዳግም አላየውም። ለአሜሪካ የብሮድካስት ተቆጣጣሪ አቤቱታ የጻፉ ተመልካቾች ነበሩ። ከአዘጋጆቹ አንዷ ጌል አን ኸርድም በሚቀጥሉት ክፍሎች ላይ ጭካኔውን ቀነስ ማድረጋቸውን ተናግራለች።

መምህር (ብሎክ 7)፦
ያ 17 ሚሊዮንስ የመጣው በምን ሆነና? በማንጠልጠላቸው አይደል? ለተመልካቹም አንድ ጥያቄ አስቀምጡለት። እያማረረ ለምን መጣ?

ነርሷ (ብሎክ 19)፦
ልክ ነው። እኔ ራሴ እያማረርኩ ነው የመጣሁት። ግን ሄጃለሁም። ከግሌን በኋላ አንድ ሁለት ክፍል አይቼ ተውኩት። ሰው ጨካኝ መሪን ይችላል፣ ልጅ ሆነን ስንት ተረት ሰምተናል። የማይችለው ደራሲው ከጨካኙ ጎን ቆሞ ሲደሰት ነው። ደጋግሞ፣ አስጠግቶ ሲያሳይ። ይቺን ለሦስተኛው ክስ እኔ እናገራታለሁ።

ብሎክ 41፦
ስለዚህ በሦስተኛው ክስ አንድ ወገን ሆንን ማለት ነው? ነርሴ፣ ታሪክ ሠራን።

ሒሳብ ያዥ፦
ኔጋን በኋላ ላይ እስር ቤት ገብቶ፣ ሰው ሆኖ፣ ከግሌን ሚስት ጋር በሌላ ድራማ ላይ አብሮ መጓዙስ?

ጸሐፊ፦
ይቅርታው ይቆይ። እሱን ካነሣን እስከ ንጋት አንበተንም። ራሱን የቻለ ሌላ ቅዳሜ ይፈልጋል።

ሰዓቱን እንቁረጥ። ማታ 1 ሰዓት ተብሎ ነበር። ከቦሌና ከመርካቶ የሚመለሰው ሰው ግን ቅዳሜ ቀድሞ ይገባል፤ በዚያ ላይ ከአራተኛ ፎቅ የሚወርዱ ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ ደረጃው ማታ መብራት የለውም። 10 ሰዓት ጀምረን 12 ተኩል ብንበተንስ?

ነርሷ (ብሎክ 19)፦
ለኔ ይመቸኛል፣ የማታ ተረኛ ብሆን እንኳ እደርሳለሁ።

ሒሳብ ያዥ፦
ወንበር ከዕድሩ አናግራለሁ፣ በነፃ። ቡናና ፈንዲሻ ከመዋጮ። የተረፈ ካለ ለኮሚናሉ አምፖል ይገዛበት፣ ኮሚቴው ይህንን ሲያነብ ልቡ ይራራል።

ጸሐፊ፦
በዚህ መሠረት ያስተካከልኩት ይህ ነው። የመጨረሻ ዕይታችሁን ስጡ፦

«የፊልም ወዳጆች ቡድን ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ 12፡30 በኮሚናሉ የክርክር ፕሮግራም ለማካሄድ ፈቃድ ይጠይቃል። ፊልም አይታይም። ሁለት ተከራካሪዎች በቀድሞው የበላ ልበልሃ ሥርዓት በአንድ የውጭ ተከታታይ ድራማ ላይ ያለን ገጸ ባሕርይ ከስሰው ይሟገታሉ። ክሶቹ ሦስት ናቸው፦ ሁለት ሰዎችን መግደሉ፣ የመንደሮችን እኩሌታ መውሰዱ፣ እንዲሁም የድራማው ሠሪዎች ተመልካቹን ማንገላታታቸው። አንድ አረጋዊ ነዋሪ ስለ ጭሰኝነት ዘመን ምስክርነት ይሰጣሉ። ፍርዱን የሚሰጠው ታዳሚው በእጅ ብልጫ ነው። ክርክሩ በድራማው ታሪክ ላይ ብቻ ይሆናል። ወንበር ከዕድሩ፣ ቡና ከአባላት መዋጮ ይሸፈናል፤ ቀሪው ገንዘብ ለኮሚናሉ አምፖል ይውላል። ጽዳቱን ቡድኑ በዚያው ምሽት ይሠራል።»

መምህር (ብሎክ 7)፦
«በድራማው ታሪክ ላይ ብቻ» ካላችሁ የኔ ምስክርነት ከየት ገባ? ፈሪው ሰውዬ መጀመሪያ የሚያያት እሷን ነው። «ክርክሩ በድራማውና በድሮው ዘመን ላይ» በሉት።

ሒሳብ ያዥ፦
ጋሼ ትክክል ነዎት። የድሮውን ማንም አይፈራውም።

ብሎክ 41፦
ፈርሜያለሁ። ዳኛው ግን ማን ነው?

ጸሐፊ፦
ድራማውን ፈጽሞ ያላየ፣ አፉም የማይታጠፍ ሰው ያስፈልጋል። የብሎክ 23ዋን ባለ ሱቅ እትዬን ነገ ጠዋት ዳቦ ስገዛ እጠይቃቸዋለሁ። ጋሼ ያሉትን አስገብቼ ሰኞ ለኮሚቴው አስገባዋለሁ። ያልፈረማችሁ እስከ እሑድ ማታ።

ነርሷ (ብሎክ 19)፦
እትዬ ከሆኑ ኔጋን አለቀለት። ዱቤ የከለከሉኝ ቀን አይቻቸዋለሁ።