ተከላካይ ጠበቃዋ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጠይቃ ተቀመጠች፤ መከላከል ይሄ ነው?

የተከሳሹ እህት፦
ሰላም ለቤቱ። ታናሽ ወንድሜ የባጃጅ ባትሪ ሰርቀሃል ተብሎ ተከሷል። ጠበቃ የምናቆምበት አቅም ስለሌለን ፍርድ ቤቱ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ መደበለት። ባለፈው ቀጠሮ ዐቃቤ ሕግ የሰፈሩን ጥበቃ አስመሰከረ። "ሌሊት ባትሪ ተሸክሞ ሲሮጥ አይቼዋለሁ" አለ። የእኛዋ ተነስታ "ፊቱን አይተሃል?" አለችው።
"ከኋላ ነው ያየሁት፤ በጃኬቱ ለየሁት።"
"ጃኬቱ የተለየ ምልክት አለው?"
"የለውም፤ ጥቁር ነው።"
በቃ፣ "ጨርሻለሁ" ብላ ቁጭ አለች! እናቴ "የነፃ ጠበቃ እንዲህ ነው" እያለች ታለቅሳለች። ልጁ ያን ሌሊት እቤት ነው ያደረው፤ ለምን እኛን አላስመሰከረችም?

ጡረተኛው ጠበቃ፦
እህቴ፣ እናትሽን አጽናኚ፤ ልጅቷ ሥራዋን አሳምራ ሠርታለች። አንድ ጥያቄ ጨምራ "ታዲያ በምን እርግጠኛ ሆንክ?" ብትለው ኖሮ "አረማመዱን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ" ብሎ የጎደለውን ይሞላው ነበር። በዚህች ትርፍ ጥያቄ ስንት መዝገብ ሲበላሽ አይቻለሁ።

የእናንተ ተራ ገና ነው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቀድሞ የሚያስረዳው ከሳሹ ነው። ምስክሮቹ ተሰምተው ሲያልቁ ፍርድ ቤቱ ብይን ይሰጣል። ዐቃቤ ሕግ አላስረዳም ከተባለ፣ በአንቀጽ 141 ወንድምሽ መከላከያ ሳያቀርብ በነፃ ይሰናበታል። አስረድቷል ከተባለ "ይከላከል" ይባላል፤ ያኔ ምስክር ትቆጥራላችሁ። አንቺ የጥበቃውን ቃል ችሎት ተቀምጠሽ ሰምተሻል፤ ስለዚህ ብትመሰክሪ "ሰምታ ያዘጋጀችው ነው" ሊባል ይችላል። ያን ሌሊት እቤት የነበረ ሌላ ሰው ካለ ግን ከእንግዲህ ችሎት አይግባ፤ ስሙን ለጠበቃዋ አሁኑኑ ስጫት።

የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ፦
በጋሼ ሐሳብ እስማማለሁ። እኔ ብሆን ጥቁር ጃኬት ብቻ የያዘ መዝገብ ሲቀርብልኝ "ባትሪው ማን እጅ ተገኘ?" ብዬ ለፖሊስ እመልሰው ነበር። ማስረጃ ካልበቃ ክስ እንዳይመሠረት አንቀጽ 42 ይላል፤ ሰው ማስቀጣት ብቻውን የዐቃቤ ሕግ ሥራ ሆኖ አያውቅም፣ ሊሆንም አይገባም። ሌላ ማስረጃ ስላለ ይሆናል የተከሰሰው። ጣቢያ የሰጠው ቃል አለ?

የተከሳሹ እህት፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንተም ወንድሜ። ባትሪው አልተገኘም። ጣቢያ ግን ወረቀት አስፈርመውታል። ሳላነበው ፈረምኩ፣ ፈርቼ ነበር ይላል። ለጠበቃዋ አልነገራትም፤ ያገኘችውም ችሎት በር ላይ ቆማ ነው።

ጡረተኛው ጠበቃ፦
ይሄን ዛሬውኑ ንገሪያት! በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ተገዶ የተሰጠ ቃል ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። ግን ቀድማ ካላወቀች ወረቀቱ ሲቀርብ መቃወም አትችልም። ተከላካይ ጠበቆች ሥራ ይበዛባቸዋል፤ በአንድ ጠዋት ብዙ ችሎት ይዞራሉ። ቢሮዋ ሂጂና ከቀጠሮው በፊት ማረፊያ ቤት ሄዳ ብቻውን እንድታናግረው ለምኛት። ማን አስፈረመው፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ብለው አስፈራሩት፤ ይሄን ሁሉ በራሱ አፍ ይንገራት። አንቺ በመሐል ገብተሽ አታስረጂለት።