የልጄ ክንድ ቢጫ ላይ ወደቀ፤ በቀን 150 ብር ምን ላብላው?

ጥያቄ፦ የአቢ እናት፣ ሐዋሳ

ሰላም እናቶች። ልጄ 14 ወሩ ነው። ባለፈው ሳምንት የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት ስትዞር ክንዱን በዚያች ባለቀለም መለኪያ ለካችው። ቢጫው ላይ ቆመ፤ 12.1 ሴንቲ ሜትር ነው አለችኝ። «ምግቡን አስተካክይና ተመልሰሽ አስለኪው» ብላ ሄደች። ግን ምኑን ላስተካክል?

ባለቤቴ ቀን ሠራተኛ ነው፤ ሥራ የሚገኝበት ቀን አለ፣ የማይገኝበትም አለ። እኔ ሰው ቤት ልብስ አጥባለሁ። ከኪራይ ተርፎ ለአምስት ነፍስ በቀን 150 ብር ከተገኘ ጥሩ ቀን ነው። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ሽሮ ፍትፍት፣ ማታ የተረፈው። ለአቢ አጥሚት በጡጦ እሰጠዋለሁ። ጡትም ይጠባል፤ ግን ወተቴ የቀነሰ ይመስለኛል። ጎረቤቴ ደግሞ «ጡት አስጥይው፣ ያኔ ምግብ ይለምዳል» አለችኝ። እውነት ነው?

የሦስት ልጆች እናት

እኔ አስጥዬው ነው የበላልኝ። የቆርቆሮ ወተት ብትሞክሪለትስ?

ሲስተር፣ ከታቦር

እህቴ፣ እባክሽ ጡቱን እንዳታስጥይው። እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይጥባ። በ150 ብር አምስት ሰው ለምታበላ ሴት የቆርቆሮ ወተት ማለትም ቀልድ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ የሦስት ልጆች እናት። ወተቱ እንዲበረክት እየቀጠነ ይበጠበጣል፣ ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ተቅማጥ ይከተላል።

ቢጫ ማለት ከ11.5 እስከ 12.5 ሴንቲ ሜትር መሃል ነው። ከ11.5 ከወረደ ቀይ ነው፤ ያኔ ጤና ጣቢያ ፕላምፒናት የሚባለው የታሸገ የለውዝ ምግብ የሚሰጥበት ሕክምና ይጀመርለታል። አሁን ግን አንድ ነገር አድርጊ። የሁለቱንም እግሮቹን የላይኛውን ገጽ በአውራ ጣትሽ ለሦስት ሰከንድ ጫን አድርጊ። ስትለቂው ጎድጉዶ ከቀረ፣ መለኪያው ምንም ይበል ምን ዛሬውኑ ውሰጂው። የበላውን ሁሉ ካስታወከ፣ አልጠባም ካለ ወይም ከፈዘዘም እንደዚያው።

ጡጦውን ተዪው። በጡጦ የሚወርድ አጥሚት ውሃ ነው፤ ሆዱን ይሞላል እንጂ ክንዱን አይሞላም። ገንፎውን በማንኪያ ቅጂና ዘንበል አድርጊው። ቶሎ ከፈሰሰ ቀጥኗል። ማንኪያው ላይ ቆየት ማለት አለበት። ዱቄቱን ምጥን አድርጊው፦ ሦስት እጅ በቆሎ ወይም ገብስ፣ አንድ እጅ የተቆላ ሽምብራ። ስታወርጂው ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጊበት። በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ በራሱ ሳህን፣ ከጡቱ ሌላ። ከትልልቆቹ ጋር ከአንድ ትሪ ከበላ ማን ምን ያህል እንደጎረሰ አታውቂም። ሻዩንም አስቀሪበት፤ ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ይይዝበታል።

አንድ ነገር ግን አልጻፍሽም። አንቺ የምትበዪው መቼ ነው?

የአቢ እናት

ከሁሉም በኋላ ነው ሲስተር። ሻይ ብቻ ጠጥቼ የማድርበትም ቀን አለ። ብድግ ስል ዓይኔን ያጨልመኛል።

ሲስተር፣ ከታቦር

ጠርጥሬ ነበር። ወተትሽ ላይቀንስ ይችላል፤ እያለቅሽ ያለሽው አንቺ ነሽ። የምታጠባ ሴት ሳትበላ ስትቀር ሰውነቷ ከራሷ እየቀነሰ ለልጁ ይሰጣል። ስለዚህ ማታ ሽሮው ሲወጣ የአንቺን ቀድመሽ አስቀሪ። ስግብግብነት አይምሰልሽ። አቢን ስታስለኪ ለራስሽ የደም ማነስ ምርመራ ጠይቂ፤ እርጉዝ መሆን አለመሆንሽንም እንዲያዩልሽ ንገሪያቸው። ለእሱም በየስድስት ወሩ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ እንዳላመለጠው ጠይቂ።

የአሞራ ገደል ልጅ

ዓሣ ነው የምሸጠው። ድሮ የድሃ ምግብ ነበር፤ አሁን እሱም ተወዷል፣ አልዋሽሽም። ግን ትንንሹን ቆሮሶ ረፋድ ላይ፣ ገዢው ሲሳሳ ጠይቂ፤ ዋጋ ይቀነሳል። ብዙ እናት ጭንቅላትና አጥንት ወስዳ ሾርባውን ብቻ ለልጅ ትሰጣለች። ሥጋውን በእጅሽ ፈልቅቂ፣ እሾሁን በጣትሽ እየዳሰስሽ ልቀሚ፣ ገንፎው ውስጥ ፍጪለት። ሾርባው ብቻ ያው ጨው ያለው ውሃ ነው።

ኮኪ

ውስጡ ብርቱካናማ የሆነውን ስኳር ድንች ካገኘሽ እሱን ያዢ። ቀቅለሽ በጡትሽ ወተት ብታላሊው በጣም ይወደዋል። ቫይታሚን ኤ አለው።

ወለተ ማርያም

ሁዳዴ ላይ «ድስቱ ይነካካል» ብዬ ለልጄ እንቁላል ሳልሠራ 55 ቀን አሳልፌ አውቃለሁ። አሁን ትንሽ ድስት ለብቻው ገዝቻለሁ፣ አበቃ። ሕፃን አይጾምም። ስለ ራስሽ ደግሞ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ የኔዎቹ «ስታጠቢ ብዪ» ነው ያሉኝ።

የመናኸሪያው

የከተማ ሴፍቲኔት፣ ለድሃ ቤተሰብ ድጋፍ የሚሰጠው ፕሮግራም፣ በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር ሐዋሳ አንዷ ነበረች። እናቴ ገብታበት ነበር። ሁልጊዜ ምዝገባ የለም፤ ቀበሌ ሄደሽ ቀጣይ ዙር ካለ መቼ እንደሆነ ጠይቂ። መልማዮቹ የሰፈር ሰዎች ስለሆኑ ችግርሽን አትደብቂ። የኔ እናት አፍራ «ደህና ነን» ብላ አንድ ዙር አምልጧታል። የጤና መድኅንም መዋጮ መክፈል ለማይችል መንግሥት የሚከፍልበት መንገድ አለው፤ እዚያው ጠይቂ።

የአቢ እናት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እግሩን ተጫንኩት፤ አልጎደጎደም፣ ተመስገን። ሐሙስ ሁለታችንም ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። ዛሬ ግማሽ ኪሎ ሽምብራ ገዛሁ። ከነቅርፊቱ ነው የሚፈጨው?

ሲስተር፣ ከታቦር

ቁይው፣ ከክተሽ ቅርፊቱን አንፍሺው፣ ከዚያ ከበቆሎው ጋር አንድ ላይ አስፈጪው። ወፍጮ ቤት ስትደርሺ ግን ከፊትሽ በርበሬ የተፈጨበት ላይ እንዳይጨምሩብሽ። እኔ አንዴ ደርሶብኛል፤ ልጁ ሳምንት ሙሉ አፉን ዘጋብኝ።