የ5 ወር የጀርመን ሸፐርድ ቡችላዬ ወደ ላይ ብቻ እየተመዘዘ ነው፤ እድገቱ ጤናማ ይሆን?

የአያቱ ጠያቂ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ ነው። መቻል የሚባል ወንድ የጀርመን ሸፐርድ ቡችላ አለኝ፤ 5 ወር ሞልቶታል። ስገዛው ድብልብል ያለ ነበር። አሁን እግሩ ረዝሞ፣ ጎኑ ሳስቶ፣ ኋላው ከፊቱ ከፍ ብሎ ሌላ ውሻ መስሏል። አቅፌው ሚዛን ላይ ወጥቼ የራሴን ክብደት ስቀንስ 19 ኪሎ ሆነ። ሻጩ «ሲያድግ 55 ኪሎ ይገባል» ብሎኝ ነበር፤ በዚህ አካሄድ የሚደርስ አይመስለኝም።

ሌላው ጆሮው ነው። ሁለቱም ቀጥ ብለው ቆመው ነበር፤ አሁን የግራው ተመልሶ ተኛ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የፊት ቀኝ እግሩን ሲያነክስ ሰነበተ፤ እርሱ ሲሻለው የኋላውን ማነከስ ጀመረ። አልወደቀም፣ የመታውም የለም።

መካሪው በዝቷል። ጎረቤቴ የሕፃናት ካልሲየም ሽሮፕ ስጠው ይላል። የግቢያችን ጥበቃ ሥጋ ብቻ ካልበላ ወገቡ አይጠናም፣ ጠዋት ጠዋትም አጥንቱ እንዲጠነክር ፀሐይ ላይ እሰረው ይለኛል። ባለቤቴ በበኩሏ የእርሱ ቀለብ ከእኛ በልጧል ባይ ናት። የሚበላው የተቀቀለ ሳንባ በሩዝ፣ ከቤት የተረፈ እንጀራ በወጥ፣ አንዳንዴም አጥንት ነው። የሚያድገው እስከ መቼ ነው? ምንስ ልጨምርለት?

ጡረተኛው አሠልጣኝ

ወንድሜ፣ «ምን ልቀንስለት» ብለህ ብትጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር። ውሻ በማሠልጠን ሥራ ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ በእጄ ካለፉት አብዛኞቹ የጀርመን ሸፐርድ ናቸው። ቶሎ እንዲገዝፍ ተብሎ የተቀለበ ቡችላ በኋላ እግሩን ሲጎትት ማየት ሰልችቶኛል።

መጀመሪያ ይህን የ55 ኪሎ ወሬ እንተወው። የዘሩ ደረጃ የሚለው ይታወቃል፤ ወንዱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ፣ ትከሻው ላይ ሲለካ ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር፤ ሴቷ ከ22 እስከ 32 ኪሎ፣ ከ55 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር። 55 ኪሎ የሚመዝን ሸፐርድ ካየህ ወይ ከልክ በላይ ወፍሯል፣ ወይ ሌላ ዘር ገብቶበታል። ሻጭህ የለመደው የበግ ገበያ ሳይሆን አይቀርም። የአንተው ውሻ በ5 ወሩ 19 ኪሎ ከሆነ የጎልማሳ ክብደቱን ግማሽ ያህል ይዟል ማለት ነው፤ ለትልቅ ዘር ደንበኛ አካሄድ ነው።

ትልቅ ውሻ መጀመሪያ ይረዝማል፣ ኋላ ይሰፋል። እስከ 3 ወር ገደማ ድቡልቡል ነው፤ ሰው ሁሉ የሚገዛውም ያን ጊዜ ነው። ከ4 እስከ 8 ወር እግሩ ይመዘዛል፤ የፊቱና የኋላው እኩል ስለማያድግ አንድ ሰሞን ኋላው ከፍ ይላል፣ ሌላ ሰሞን ፊቱ ይቀድማል። ይህ ዕድሜ መልክ የለውም፤ ፎቶግራፍ አታንሳው። ከዓመት ወዲህ ቁመቱ እምብዛም አይጨምርም። ደረቱ የሚሰፋው፣ ጭንቅላቱ የሚሞላው፣ አንገቱ የሚደነድነው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ ወንዱ እስከ 2 ዓመት፣ አንዳንዱም እስከ 3 ዓመት መለወጡን አያቆምም።

የጆሮው ነገር ከጥርሱ ጋር የተያያዘ ነው። 28ቱ የወተት ጥርሶች ከ4 ወር ገደማ ጀምረው ይወልቁና እስከ 7 ወር ድረስ 42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። በዚያው ሰሞን የቆመ ጆሮ መልሶ መውደቁ በዚህ ዘር የተለመደ ነው። አፉን ከፍተህ ክራንቻውን እይ፤ አሮጌው ሳይወልቅ አዲሱ ከጎኑ ከወጣ ለሐኪም አሳየው። ጆሮውን በፕላስተር ማሰር፣ እየጎተቱ ማሸት ይቅር። ጥርሱ ተተክቶ አልቆ 8 ወር ሲያልፈው ጆሮው ካልቆመ፣ ላይቆም ይችላል፤ መስማቱን አይከለክለውም።

ስለ ክብደቱ ሚዛን አያስፈልግህም፤ መዳፍህን ጎኑ ላይ አሳርፍ። የጎድን አጥንቱን ሳትጫን በጣትህ መቁጠር ከቻልክ፣ በዓይንህ ከሩቅ ግን ካልቆጠርከው፣ ልኩ ይኸው ነው። ከላይ ስታየው ወገቡ ጋ ገባ ማለት አለበት። ቡችላ ወፈር ሲል «ደስ ይላል» የሚሉህን አትስማ። በአሜሪካ 48 ላብራዶሮችን ከቡችላነት እስከ ሞት የተከታተለ ጥናት አለ፤ ምግባቸው በሩብ የተቀነሰባቸው እንደ ልባቸው ከበሉት ወንድሞቻቸው 2 ዓመት ገደማ የበለጠ ኖረዋል፣ የመገጣጠሚያ ሕመምም ዘግይቶ ነው የያዛቸው።

በተረፈ ከፒክአፕ ጀርባ አታዝልለው፣ ከብስክሌት ጎን አታስሩጠው። በረንዳህ ሴራሚክ ከሆነ አሮጌ ምንጣፍ ጣልበት፤ ማደግ ላይ ያለ ዳሌ የሚጎዳው እንዲህ ባለ የሚያንሸራትት ወለል ላይ ነው። ሣር ላይ በራሱ ፍላጎት ይሩጥ፣ ሲደክመው ይተኛ። በኖርዌይ ትልልቅ ዘሮች ላይ የተደረገ ጥናትም እስከ 3 ወራቸው ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ያደጉ ቡችሎች ለዳሌ መላላት ይበልጥ እንደሚጋለጡ፣ ለስላሳ መሬት ላይ ሳይታሰሩ የቦረቁት ግን እንደተጠቀሙ አሳይቷል። ፀሐይ ላይ መታሰሩን በተመለከተ ሐኪሞቹ ይናገሩ፤ እኔ በሰንሰለት ላይ ያለኝን ቂም ከጀመርኩ አላቆምም።

የእንስሳት ሐኪም፣ ሐዋሳ

ጋሼ የጻፉት ትክክል ነው፤ ስለ ማነከሱና ስለ ምግቡ ልጨምር።

ማነከሱ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው መዛወሩ፣ ዕድሜውና ዘሩ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓኖስታይተስ የሚባለው የረጃጅም አጥንቶች ሕመም ነው። በአብዛኛው ከ5 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ የሚታይ ሲሆን ወንድ የጀርመን ሸፐርዶችን አብዝቶ ይይዛል፤ እየሄደ እየመጣ ቆይቶ በራሱ ይተዋል። ነገር ግን በጽሑፍ አይመረመርምና ወደ ሐኪም ይውሰዱት። ክርኑንና ዳሌውን በእጅ ፈትሾ፣ አስፈላጊ ከሆነም ራጅ አንሥቶ የሚለየው ሐኪሙ ነው። እስከዚያ ድረስ ከቤትዎ የሰው ማስታገሻ እንዳይሰጡት፤ ዲክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም ፓራሲታሞልም ውሻን ሊገድሉ ይችላሉ።

ካልሲየም ሁለት ፊት ያለው ነገር ነው። ጎልማሳ ውሻ ሲበዛበት አንጀቱ የማያስፈልገውን ያስቀራል። እስከ 6 ወር ገደማ ያለ ቡችላ ግን ይህን በደንብ መቆጣጠር አይችልም፤ ሽሮፑ ከገባ ከሚገባው በላይ ወደ ደሙ ያልፋል፣ በአጥንቱ ጫፍ ያለው ለስላሳ የማደጊያ ክፍል ሥርዓቱን ስቶ ይጠነክራል፣ እግር ይጣመማል። ስለዚህ ጎረቤትዎን አመስግነው ሽሮፑን ይመልሱላቸው። የጥበቃው ምክር ደግሞ በተቃራኒው ይጎዳል። ሥጋና ሳንባ ፎስፈረስ እንጂ ካልሲየም የላቸውም ማለት ይቻላል፤ በዚያ ብቻ ያደገ ቡችላ ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቱ እየሸረሸረ ይወስዳል፤ በጨዋታ መሀል እግሩ ተሰብሮ የሚመጣልን አለ።

የትልቅ ዘር ቡችላ በእያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ካሎሪ ምግብ ከ3 እስከ 4.5 ግራም ካልሲየም ይበቃዋል፤ መስመሩ ጠባብ ነው። የእርስዎ ሳንባና ሩዝ ከዚህ በታች እንደሚሆን ሳይለካም መናገር ይቻላል። አቅም ከፈቀደ ለትልቅ ዘር ቡችላ ተብሎ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ ይግዙ፤ ያን የሚበላ ከሆነ ምንም ካልሲየም አይጨመርበትም። አቅም ካልፈቀደ የቤቱን ምግብ በኪሎው አስልቶ የሚያስተካክል ሐኪም ያነጋግሩ። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደ ዱቄት የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት በአንድ የሻይ ማንኪያ 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለው፤ ስሌቱ ከእርሱ ሊጀምር ይችላል፤ በግምት ግን አይጨመር።

ፀሐዩ አይጠቅመውም። ውሻ እንደ ሰው በቆዳው በቂ ቫይታሚን ዲ አይሠራም፤ የሚያገኘው ከምግቡ ነው።

በወጥ የራሰውን እንጀራ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ሽንኩርት፣ ነጭም ቀይም ይሁን፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። የተቀቀለ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። ሳንባውን ቀቅለው መስጠትዎን ይቀጥሉበት። የከብትና የበግ ሳንባና ጉበት ላይ የሚታየው የውሃ ቋጠሮ የኢካይኖኮከስ ትል እጭ ነው፤ ውሻው ጥሬውን ከበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆችዎ እጅ ይደርሳል፣ በሰው ጉበት ውስጥም ያንኑ ቋጠሮ ይሠራል። የእብድ ውሻ ክትባቱን መውሰዱንም ያረጋግጡ፤ ከ3 ወሩ ጀምሮ መከተብ ነበረበት።

የገርጂዋ

ወንድሜ፣ እኔ ያለችኝ ሮትዋይለር ናት። ሥጋ ቤት ላይ ለተመሠረተ ቀለብ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ሰፈራችን ያሉት ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ። ውሻዋ አትጾምም። ቅበላ ሳይመጣ ሳንባውን ቀቅዬ በየድርሻው ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ሲያልቅ እንቁላል እቀቅልላታለሁ። ምግብ ሲቀየር ቀስ በቀስ፣ በሳምንት ውስጥ እያቀላቀልክ አድርገው፤ አለበለዚያ በረንዳህን ስታጥብ ትውላለህ።

ከ7 ወር በኋላ ደግሞ ስሙን የረሳ ይመስልሃል። ስትጠራው አይቶህ ይሄዳል። ልጆች ካሉህ በሩጫ ሲመጣ እንዳይጥላቸው ከአሁኑ መቀመጥ አስተምረው፤ 19 ኪሎ ሲገፋና 35 ኪሎ ሲገፋ አንድ አይደለም።

አባቴ ቤት ያደገ

በጣም አከበዳችሁት። እኛ ቤት ውሻ ሽሮና እንጀራ በልቶ፣ ዝናብ ላይ ተኝቶ 12 ዓመት ኖረ። ራጅም ስሌትም አላየም።

ጡረተኛው አሠልጣኝ

የአባትህን ውሻ ነፍስ ይማር፤ የአገራችን ውሻ መሆን አለበት፣ እርሱን እኔም አከብረዋለሁ። ቀላል ነው፣ አጥንቱ የሚሸከመው ጥቂት ነው። የጀርመን ሸፐርድ ሲወለድ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በዓመት ከግማሽ ውስጥ 35 ኪሎ ሲሆን 70 እጥፍ አደገ ማለት ነው። ያን ያህል በፍጥነት የሚሠራ አጥንት በምግብ መዛባት ቶሎ ይጣመማል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን አታስቀምጣቸው።

የአያቱ ጠያቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሽሮፑ ተመልሷል፤ ወጡም ቀርቷል፤ ባለቤቴ በዚህኛው ደስ ብሏታል። ቅዳሜ ወደ ሐኪም እወስደዋለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ማኮላሸት ይሻላል ይሉኛል፤ መቼ ነው? የጥበቃ ሥልጠናስ አሁን ይጀምር?

የእንስሳት ሐኪም፣ ሐዋሳ

ለማኮላሸት አይቸኩሉ። በካሊፎርኒያ የጀርመን ሸፐርዶች ላይ የተደረገ ጥናት ዓመት ሳይሞላቸው የተኮላሹት በመገጣጠሚያ ችግር ይበልጥ እንደተጠቁ አሳይቷል። የማደጊያው ክፍል የሚዘጋው በትልልቅ ዘሮች ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ይወስኑ።

ጡረተኛው አሠልጣኝ

መጥራት፣ መቀመጥ፣ በማሰሪያ ሳይጎትት መሄድ፣ እንግዳ ሲገባ ዝም ማለት፣ እነዚህ ሁሉ ዛሬውኑ ይጀመራሉ፤ በአጭር በአጭሩ፣ ከመብላቱ በፊት። ከሰውና ከመኪና ድምፅ ጋርም አላምደው። ልብስ አስይዞ መሳብ፣ አጥር መዝለል፣ ሰው ላይ መልቀቅ ግን አጥንቱም ልቡም ሳይጠና አይሆንም። ቁመቱን አይተህ አትሞኝ፤ በዓመቱ ትልቅ ውሻ ይመስላል፣ ጭንቅላቱ ግን ገና የቡችላ ነው፣ ያኔ ያስደነገጡት ውሻ ፈሪ ተናካሽ ይወጣል። ከ18 ወር በፊት በሩን ይጠብቅልኛል ብለህ አትተማመንበት። ለጥበቃ ሥልጠና ስትደውል ዕድሜውን ሳይጠይቅ «ነገ አምጣው» የሚልህን አሠልጣኝ ተወውና ሌላ ፈልግ።