«እግዚኦ» የምለው ለማን ነው? እባካችሁ አግዙኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር ነው፣ ያደግኩትም እዚሁ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አካባቢ። አንድ ሐሳብ ጠምዶ ይዞኛል፤ የገባው ሰው ካለ ይርዳኝ።

ነገሩ የጀመረው ፎየርባህን ሳነብ ነው። ይህ ጀርመናዊ ፈላስፋ በ1841 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው የራሱን ባሕርይ አጉልቶ ሰማይ ላይ ይሰቅልና «አምላክ» ይለዋል ይላል። የሥነ ልቦና ሊቁ ፍሮይድ ብዙም አላስጨነቀኝም፤ እምነትን አባት ፍለጋ ነው ብሎ ቶሎ ይዘጋዋል። ፎየርባህ ግን ነከሰኝ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ቀና ስል፣ ጣሪያው ላይ ያሉት መላእክት ዓይናቸውም ፊታቸውም ቁርጥ እኛን!

ከዚያ ፓውል ቲሊክ የሚባል የፕሮቴስታንት ነገረ መለኮት ሊቅ አገኘሁ። እግዚአብሔር ከነገሮች መካከል አንዱ ነገር አይደለም፣ የመኖር ሁሉ መሠረት ነው ይላል። እኔ እንደገባኝ፣ የሰቀልነው ሥዕል ቢወርድም መሠረቱ አይነካም። እፎይ አልኩ። እፎይታው ግን እስከ ጸሎት ሰዓት ብቻ ነበር። 41 ጊዜ እግዚኦ ስል የምጠራው «አንተ» የምለውን ነው። መሠረት ይሰማል? ይምራል? እናቴን ብጠይቃት «አንተ ልጅ፣ መጽሐፍ አበዛህ» አለችኝ።

አባቶች «የማይመረመር» የሚሉት አምላክና የቲሊክ መሠረት አንድ ናቸው? ወይስ ቃሉ ብቻ ነው የሚመሳሰለው? የኔታን እንዳልጠይቅ፣ ፎየርባህን ከየት ጀምሬ ላስረዳቸው? ትርጓሜ የተማረ፣ ፍልስፍናውንም የሚያውቅ ሰው ካለ በቀላል አማርኛ ያስረዳኝ። «ዝም ብለህ እመን» ለምትሉኝ፣ አመሰግናለሁ፤ እሱን ሞክሬዋለሁ።